ለፓምፑ ነበር የሚመጣው

እሑድ፣ ጁላይ 11

ራዶይ ሞተ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ዛሬ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ አሁን ሄደዋል። ጎረቤቴ ጊና ብቻ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። አባ ሳቫ በልብሽ ያለውን ሁሉ ጻፊው፣ ለእግዚአብሔርም ቢሆን ጻፊው ብለውኛል። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

ጠዋት መርጬ ከጊና ጋር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠን ነበር። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሻለሁ። ምርጫ ጣቢያውን የሚጠብቀው ፖሊስ ስልክ አነሳ፣ ወደ እኔ አየ፣ ወዲያው ፊቱን አዞረ። ትንሽ ቆይቶ ከንቲባችን ኮይቾ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወጣ።

«እትዬ ዴሻ፣ ይነሱ እስቲ፣ ወደ ውስጥ እንግባ።»

«ቅድም መርጫለሁ እኮ፤ ሁለቴ ልታስመርጠኝ ነው?» አልኩት።

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ፖሊሱም ጭምር ሳቀ መሰለኝ። እኔም ሳቅኩ። ልጄ ሞቶ እኔ ቀልጃለሁ።

የሞተው ምንጩ ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ ነው። መኪናው ወደ ገደሉ ወርዷል። እዚያ ቦታ ላይ የሚያስቆም ምንም ነገር የለም። ሁልጊዜም አልነበረም።


ማክሰኞ፣ ጁላይ 13

ቀበርነው። አባቱ አጠገብ። ሙቀት። ሰው ብዙ ነበር፣ ከከተማም፣ ከሚሠራበት የሸክላ ፋብሪካም መጡ። እጄን የጨበጠኝን ሁሉ አላስታውስም።


ዓርብ፣ ጁላይ 16

ከቀብር በኋላ በተበላው ማዕድ ላይ ኮይቾ ቆሞ ተናግሮ ነበር። ያን ጊዜ አልሰማሁትም፤ ዛሬ ጊና ነገረችኝ። «ራዶይ ወጣቱ ሁሉ አገሩን ጥሎ በሚሄድበት ጊዜ፣ ድምፁን ሊሰጥ ወደ ተወለደበት መንደር ሲመጣ መንገድ ላይ የቀረ ልጅ ነው» ብሏል አሉ። ሰዎች አልቅሰዋል።

ጊና ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ጥሩ ንግግር ነው። ሰው ስለ ልጄ ጥሩ ነገር ሲናገር ምን ልበል?

ራዶይ የሚመጣው ፓምፕ ሊያመጣልኝ ነበር። የጉድጓዱ ፓምፕ ተቃጥሎ ቲማቲሙ ሊደርቅብኝ ነበርና አዲስ አምጣልኝ ብዬው ነበር። ያ ነው።


ሐሙስ፣ ኦገስት 19

አርባው።

በየበሩና በየግድግዳው የሚለጠፈውን የአርባውን የሐዘን ወረቀት ኮይቾ ራሱ ከተማ ወስዶ አሳትሞ አመጣ። ገንዘብ ስሰጠው እምቢ አለ። ፎቶው ጥሩ ነው፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳው፣ ክራባት አድርጎ። ከሥሩ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «የዜግነት ግዴታውን ሊወጣ ሲመጣ ከመካከላችን የተለየው።»

ሙጫውን በባልዲ ይዤ ከጊና ጋር ለጠፍን። በራችን ላይ፣ ሱቁ ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ። ሱቁ ጋ ስንደርስ ጊና ቆማ አነበበችው።

«ራዶይ?» አለች። «ራዶይና የዜግነት ግዴታ?»

«ጥግ ጥጉን በደንብ ያዢው፣ ነፋስ ይገነጥለዋል» አልኳት።

ያዘችልኝ።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 12

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባ ሳቫ ስሙን ጠሩልኝ። ስወጣ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ከታችኛው መንደር መሰለኝ፣ እጄን ይዞ «እንዲህ ዓይነት ልጅ በማሳደግዎ ይኮሩ» አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ቤት እስክደርስ ድረስ አንገቴን እንደነቀነቅኩ ነበርኩ መሰለኝ።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 16

ምክር ቤቱ መንግሥት መመሥረት አቅቶት ተበተነ። እንደገና ምርጫ ነው። ኖቬምበር 14።

ሱቁ ውስጥ ሳቅ ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር ኢሊያ፣ «ባለፈው የመረጥናቸው ወንበሩን ለማሞቅ እንኳ አልደረሱም» አለ። ጊና፣ «አንተ ደግሞ መቼ መርጠህ ታውቃለህ?» ስትለው፣ «እኔማ እሑድ እሑድ መራጭ አመላልሳለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ሳደርስ የራሴ ሰዓት ያልፋል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ እኔን ሲያዩ ዝም አሉ።

ዝም እንዲሉ አልፈልግም። ራዶይ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ይወድ ነበር።


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 27

መካኒኩ ከመኪናው የተረፈውን ዕቃ አመጣ። አንድ ጫማ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ፓምፑ። ፓምፑ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ነው። ጭረት እንኳ የለውም።

ሼዱ ውስጥ አስገባሁት። ቲማቲሙ ደርቆ ነቅዬዋለሁ።


እሑድ፣ ኦክቶበር 3

ግቢው ውስጥ ቃሪያ ስጠብስ መኪና ቆመ። ኮይቾና አንድ ረጅም ሰው። ኢንጂነር ቫርባኖቭ ይባላል፣ በዚህ ምርጫ የኮይቾ ፓርቲ ዕጩ ነው፣ ከዋና ከተማው የመጣ። ጫማው በጣም ንጹሕ ነው። ጭሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው ሳይሸሽ ቆመ፤ ለዚህ አከበርኩት።

«እማማ፣ ስለ ልጅዎ ሰምቻለሁ» አለኝ። «መታጠፊያውንም አይቼዋለሁ። አሳፋሪ ነው። እዚያ ቦታ የብረት መከለያ አስተክላለሁ። በልጅዎ ስም ይጠራል።»

«መቼ?» አልኩት።

«ከምርጫው በፊት። እንደ ሌሎቹ አይደለሁም።»

«ድሮም እኮ ጠጠር ያመጣሉ» አልኩ። «በምርጫ ጊዜ መንገዱ ዳር ጠጠር ይቆለላል። ከዚያ ሣር ያበቅላል።»

ኮይቾ ሳቀ፣ «እትዬ ዴሻ ምላሳቸው ስለታም ነው፣ ነግሬህ አልነበር?» አለው። ከዚያ ነገሩን አመጣው። በሙታን ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 6፣ ከከተማ ሁሉም ወደ መቃብሩ ይመጣል። መንደሩ በዓመት አንዴ ሰው የሚሞላው በዚያ ቀን ነው። ከመቃብሩ በኋላ ትምህርት ቤቱ ደጅ ስብሰባ ይደረጋል። እኔ ከኢንጂነሩ አጠገብ ቆሜ ሁለት ቃል ብል በቂ ነው።

«ምን ልበል?»

«እውነቱን» አለ ኮይቾ። «ሊመርጥ ሲመጣ እንደሞተ። ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

«ፓምፕ ሊያመጣ ነበር» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ፓምፑንም ያምጣ፣ ማን ከለከለው። መታወቂያው ኪሱ ነበር እኮ!»

መታወቂያውን ሁሉም ሰው ይይዛል። እኔ ግን አስባለሁ አልኩ። ሲሄዱ ቃሪያው አርሮ ነበር።


እሑድ፣ ኦክቶበር 10

ለጊና ነገርኳት። የልጅ ልጇ በየቀኑ በኢሊያ አውቶቡስ በዚያ መታጠፊያ አልፋ ከተማ ትማራለች። ጊና ወንበሯን ስባ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ዴሻ፣ አንድ ቃል ነው።»

«ውሸት ነው ጊና።»

«ታውቂያለሽ፣ አውቃለሁ። ራዶይም ያውቃል። ሌላው ምን አገባው? ብረቱ ውሸት ይሆናል? መኪና ሲመታው፣ በውሸት ነው የተተከልኩት ብሎ ይለቀዋል?»

ሳልፈልግ አሳቀችኝ።

«አንቺ የሞተብሽን አትመልሺውም» አለች በኋላ። «እኔ ያላችኝ አንዲት ናት።»

ይህን ስትል ድምጿ ሌላ ሆነ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 13

የሦስት ወሩን ወረቀት ለጠፍኩ። ኮይቾ የአርባውን ጽሑፍ ነው ያሳተመው፣ ቀኑን ብቻ ለውጦ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የኢንጂነሩን ፖስተር ከራዶይ ጎን ለጥፈውታል። ሁለቱም ክራባት አድርገዋል። እማማ ኩና ዱላቸውን ይዘው መጡ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ኢንጂነሩ ፊት ቆመው አማተቡና «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፣ ገና ልጅ እኮ ነው፤ የማን ነው?» አሉ።

«እማማ ኩና፣ አልሞተም፤ ዕጩ ነው» አላቸው ኢሊያ።

«ዕጩ ነው? ታዲያ ከሞቱት ጋር ምን ይሠራል?»

ኢሊያ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 20

ሠራተኞች መጡ! እውነት ነው። መታጠፊያው ላይ ጉድጓድ ቆፍረው የብረት ምሰሶ ተከሉ፣ ሲሚንቶ ሞሉበት። ምሰሶዎቹን የሚያያይዘው ብረት ገና ነው፣ መኪናው ላይ ተጭኖ አየሁት። አለቃቸውን ጠየቅኩት፣ «መቼ ትገጥሙታላችሁ?»

«ሲሚንቶው ይድረቅ እማማ። ከዚያ ትእዛዝ ሲመጣ።»

የማን ትእዛዝ እንደሆነ አልጠየቅኩም።


እሑድ፣ ኦክቶበር 24

ዛሬ ዝናብ ነው፣ የትም አልወጣሁም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

እኔ ምርጫ ቀርቼ አላውቅም። በድሮው ጊዜ አንድ ስም ብቻ ባለበት ወረቀትም ቢሆን፣ ጠዋት ተነስተን፣ ለብሰን፣ እየተዘፈነ እንመርጥ ነበር። ያኔ እሠራበት የነበረው ፋብሪካ አለቃችን ቀድሞ የደረሰውን ይመዘግብ ነበር። በኋላ ስሞቹ በዙ፤ እኔ ግን ያው ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ እሄዳለሁ። ለምን እንደምሄድ ጠይቄ አላውቅም። ሰው የሚሄድበት ነገር ነው።

ራዶይ መጀመሪያ ላይ ይሄድ ነበር። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ክረምት ላይ፣ ወጥ እየበላ እንዲህ አለኝ፣ «እማ፣ ከእንግዲህ አልሄድም።»

ሰነፍ አልኩት። አገሩን የማይወድ አልኩት። አባትህ ቢሰማህ አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ባለፈው መረጥኩ፤ መንገዱን ሠሩት?»

«አልሠሩትም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ራዶይ...»

«ሲመረጡ ኮይቾ ምን እንዳለ ሰማሽ? ሕዝቡ በሥራችን መርካቱን በድምፁ አረጋገጠ አለ። እኔን ነው እኮ የሚለው! እኔ የረካሁ ነኝ! ብሄድ ተስማማ ይሉኛል። ብቀር ግን ቢያንስ ስለ እኔ መናገር አይችሉም።»

አስታውሳለሁ፣ ያን ጊዜ ወጥ ጨመርኩለት። የሰነፍ ነገር አልነበረም። ራዶይ ሰነፍ አልነበረም። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጣሪያዬን ሊጠግን የሚመጣ ልጅ ነው። የማይሄደው አስቦበት ነው፤ እኔ የምሄደው ሳላስብ ነበር።

አሁን ግን ስለ እሱ ይናገራሉ። በየግድግዳው ላይ ይናገራሉ። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 1

ኮይቾ መጣ። እሺ አልኩት። ለጊና የልጅ ልጅ ብዬ ነው። እጄን ሳመ።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 6፣ የሙታን ቅዳሜ

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ለሙታን መታሰቢያ የሚታደለውን ስንዴ ትናንት ቀቅዬ በስኳርና በተፈጨ ዋልነት አዘጋጅቼ ነበር። መቃብሩ በሰው ተሞላ። ከከተማ የመጡት መኪናቸውን እስከ ታች ድረስ ደርድረውታል። አባ ሳቫ ጸለዩ፣ በየመቃብሩ ወይን አፈሰሱ። እኔ ለሚያልፈው ሁሉ ስንዴ በትንሽ ኩባያ አደልኩ። ሁሉም ይቀበላል፣ «ነፍሱን ይማር» ይላል፣ ይበላል። ከዚህ ውጭ የሚባል ነገር የለም። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ኢንጂነሩ መጣ። ኮይቾ ከኋላው፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰውም አለ። ኩባያ ሰጠሁት። ቀመሰ። ፈገግ አለ።

«አመሰግናለሁ እማማ! በጣም ይጣፍጣል። አብረን እናሸንፋለን!»

በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ስንዴውን ማኘክ አቆመ። እማማ ኩና ጮክ ብለው፣ «ይሄን ደግሞ ከየት ነው ያመጣችሁት?» አሉ።

«ነፍሱን ይማር ይባላል» አልኩት። አልሰማኝም፤ ወደ ካሜራው ዞሮ ነበር። ኩባያውን ጨርሶ የራዶይ መስቀል ሥር አስቀመጠው።

እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ጊና ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ። «ቻይው» ትለኛለች። «አንድ ቃል ነው። ቻይው።» ደረጃው ላይ አቆሙኝ። ኢንጂነሩ ብዙ ተናገረ። ስለ መንገድ፣ ስለ ወጣት። «የዚህች እናት ልጅ» ሲል ሰው ወደ እኔ አየ። ከዚያ ኮይቾ ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ።

ልናገር ያልኩትን ቃል አውቀዋለሁ። አፌ ውስጥ ነበር።

«ልጄ ራዶይ አይመርጥም ነበር» አልኩ። ድምፄ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተመልሶ መጣ። «ለምን እንደማይመርጥ ያውቅ ነበር። ፓምፕ ሊያመጣልኝ ሲመጣ ነው የሞተው። ወረቀቱ ላይ ያለው ውሸት ነው። ብረቱን ግጠሙት። ለልጄ ብላችሁ አይደለም፤ ገደል ስላለ ነው።»

ኮይቾ ማጉያውን ከእጄ ወሰደው። በቀስታ ነው የወሰደው፣ ከበሽተኛ እጅ እንደሚወስድ ሰው። ኢንጂነሩ፣ «እናት ናት፣ ሐዘን ነው፣ እንረዳታለን» አለ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ለማን እንዳጨበጨበ አላወቅኩም።

በመመለሻዬ ወረቀቶቹን ከሱቁም ከማቆሚያውም ላጥኳቸው። ፎቶውን አተረፍኩ፣ ጽሑፉን ቀደድኩ።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 8

የሠራተኞቹ መኪና ሄዷል። ብረቱም ሄዷል። ኢሊያ ነው የነገረኝ። ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመዋል።

ጊና አጥሩ ጋ ጠራችኝ። ወደ ቤት አልገባችም።

«አንድ ሳምንት ምላስሽን ብትይዢው ምን ነበረበት? ብረቱ ይተከል፣ ከዚያ የፈለግሽውን ተናገሪ። ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ተናገሪ። ማን ይከለክልሽ ነበር?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነቴን ነው፣ አላሰብኩትም።

«ላይገጥሙትም ይችሉ ነበር» አልኳት።

«ይችሉ ነበር። አሁን ግን ያልገጠሙት በአንቺ ነው ይላሉ። ምክንያት ሰጠሻቸው ዴሻ።»

ሄደች። የልጅ ልጇን ቦርሳ ይዛ ወደ ማቆሚያው ስትወርድ ከመስኮቱ አየኋት።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 9

ራዶይ ሰኞ እመጣለሁ ነበር ያለው።

በስልክ። «ለፓምፑ ሰኞ እመጣለሁ፣ ሰኞ ዕረፍቴ ነው» አለ። እኔ እሑድ ና፣ እሑድ ሰው ሁሉ አለ አልኩት። «ሰው ሁሉ የት?» ብሎ ሳቀ። «ለፓምፑ እመጣለሁ እማ፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ግን አትጎትቺኝም።» ማን ጎተተህ አልኩት።

ሰኞም ቢሆን መታጠፊያው እዚያው ነው። ሰኞም ቢሆን ገደሉ እዚያው ነው።


ረቡዕ

ምንም።


እሑድ፣ ኖቬምበር 14

ሰማያዊውን ቀሚስ አላወጣሁትም።

ከቀትር በኋላ መኪና ደጄ ላይ ቆመ። ከምርጫ ጣቢያው ሁለት ሴቶች፣ ለሕሙማንና ለአቅመ ደካሞች የሚዞረውን የድምፅ ሳጥን ይዘው። አንዷ ወጣት ናት፣ አላውቃትም።

«እማማ፣ መንቀሳቀስ አይችሉም ተብለን ነው። መታወቂያዎን ብቻ ያሳዩን።»

«ማን አለ?»

«ከንቲባው።»

«እግሬ ደህና ነው ልጄ። ጠዋት እንጨት ፈልጫለሁ። አልመጣሁም እንጂ አልታመምኩም።»

ተያዩ። «ታዲያ ምን ብለን እንመለስ?» አለች ወጣቷ። ቁጣ አልነበረባትም፣ በእውነት ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ።

«አልመጣችም በሉ። ሌላ ነገር አትጨምሩበት።»

ውኃ ሰጠኋቸው፣ ጠጥተው ሄዱ። ወጣቷ ሳጥኑን ስትሸከመው ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል፣ በአንድ እጇ አንጠለጠለችው።

ሲመሽ ጊና መጣች። ሳታንኳኳ ገባች፣ እንደ በፊቱ። ለብሳለች፤ ከትምህርት ቤቱ እንደመጣች ገባኝ።

«መረጥኩ» አለች። «ኢንጂነሩን ነው። እንዲህ አትዪኝ።»

«አላየሁሽም።»

«ብረቱን እንዲመልስ ነው። አምነዋለሁ ብዬ አይደለም። ምን ላድርግ? ነገም አውቶቡሱ ላይ ትሳፈራለች።»

«ልክ ነሽ» አልኳት።

«አንቺስ ልክ ነሽ?»

«አላውቅም ጊና። እኔ የቀረሁት ልጄ ስለቀረ ነው። እሱ ያሰበበትን ያህል አላሰብኩበትም። ገና እያሰብኩ ነው።»

ምድጃው አጠገብ ተቀመጥን። ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ ጽሑፉ ተቀድዶ ስሙና ዕድሜው ብቻ የቀረበትን የራዶይን ፎቶ አየችና፣ «እንዲህ ይሻላል» አለች።

የኢንጂነሩን ማሸነፍ ወይም አለማሸነፍ ነገ ሬዲዮው ይናገራል። ብረቱ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ካልተመለሰና በዚያ መታጠፊያ አንድ ነገር ቢሆን፣ ያን ቀን ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም።

ይህን ደብተር ምናልባት አንድ ቀን፣ እኔ ካለፍኩ በኋላ፣ ቤቱን የሚያጸዳ ሰው ያገኘው ይሆናል። ማን እንደሆንክ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም። የምትመርጥም ሁን፣ የማትመርጥም ሁን። ልጄን ጀግና አታድርገው፣ ሰነፍም አትበለው። ራዶይ ይባላል፤ ለእናቱ ፓምፕ ሊያመጣ መንገድ ላይ ቀረ። በእጅህ የማስቀምጥልህ ስንዴ የለኝም። ግን እንዳለ አድርገህ፣ ጮክ ብለህም ባይሆን በልብህ፣ ነፍሱን ይማር በልልኝ።